የቢሮ ሜይል ሰርቨር ቋሚ አይፒ የግድ ያስፈልገዋል ወይ? (ከደብረ ብርሃን)

የጠባሴ ልጅ፦

እንዴት ናችሁ ወገን። ነገሬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ ስጋጃና ብርድ ልብስ የሚያመርት የቤተሰብ ድርጅት ውስጥ ነው። ሱፉ ከመንዝ ይመጣል፤ እዚህ ይፈተላል፤ እዚህ ይሸመናል። ገዢዎቻችን በብዛት አዲስ አበባ ያሉ ሆቴሎች ናቸው። የተቀጠርኩት ሒሳብ ክፍል ነው፤ ግን ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ሁሉ ሲበላሽ የምጠራው እኔ ነኝ።

ሜይል ሰርቨራችንንም ያቆምኩት እኔ ነኝ። አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ ጫንኩ። ፖስትፊክስና ዶቭኮት (ሜይል የሚልኩ፣ የሚቀበሉና የሚያስቀምጡ ፕሮግራሞች) አስገባሁ። ዶሜይን (የኢንተርኔት ስም) ገዛን፤ ለዶሜይኑ የሚመጣ ሜይል የት እንደሚገባ የሚናገረውን ኤምኤክስ መዝገብ ወደ ቢሮው አዞርኩት። ማቀዝቀዣ እንኳ አልገዛንም። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ፣ በኅዳር ውርጭ፣ ሰርቨር ላቀዝቅዝ የሚል ሰው ካለ ገንዘብ የተረፈው ነው።

የኢንተርኔታችን አይፒ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የምንታወቅበት ቁጥር፣ ተለዋዋጭ ነው። ማታ መብራት ይሄዳል፤ ሌሊት ይመጣል፤ ጠዋት ስገባ ራውተሩ ሌላ ቁጥር ይዞ ቁጭ ብሏል። ለዚህ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ አለኝ (ዲኤንኤስ ስምን ከቁጥር የሚያገናኝ መዝገብ ነው)። ቁጥሩ ሲቀየር አንዲት ስክሪፕት ሄዳ ዶሜይኑን ታስተካክላለች። መቀበሉ ላይ እስካሁን ምንም ችግር አላየሁም።

የተቸገርኩት መላኩ ላይ ነው። ለአንድ ሆቴል የስጋጃ ፕሮፎርማ ከነፎቶው ላክን። ወዲያው ተመለሰ። 550 5.7.25 ይላል፤ ከሥሩ ያለውን ሳነበው የላካችሁበት አይፒ ፒቲአር መዝገብ (ከቁጥሩ ተነስቶ ስሙን የሚያሳይ) የለውም ነው ነገሩ። ለሌላ ገዢ ላክን። እሱ ዘንድ ደግሞ አይፒያችሁ ፒቢኤል የሚባል ዝርዝር ውስጥ ነው ተብሎ ተመለሰ። እኛ ስፓም ልከን አናውቅም! በቀን የምንልከው ሜይል በጣት ይቆጠራል።

ኢንተርኔት አቅራቢያችን ጋ ደወልኩ። ቋሚ አይፒ አለ፣ ግን የንግድ ጥቅል መግባት አለባችሁ፣ ወርሃዊ ክፍያውም ይጨምራል አሉኝ። ፒቲአር የሚለውን ሳነሳ ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ምን?» አለችና ወደ ሌላ ክፍል አስተላለፈችኝ። ሌላው ክፍል ሙዚቃ አስደመጠኝ።

ለድርጅቱ ባለቤት ነገርኳቸው። እትዬ ነገር ማብዛት አይወዱም። «ለኢንተርኔቱ እየከፈልን ነው፤ ደግሞ ለቁጥር ልንከፍል?» አሉ። የምመልሰው ጠፋኝ።

እና እናንተን ልጠይቅ። ሜይል ሰርቨር ያለው ሁሉ ቋሚ አይፒ ይኑረው የሚል የተጻፈ ደንብ አለ? ወይስ ትልልቆቹ በጉልበት ያመጡት ነገር ነው? ከሌለስ፣ ሊኖር ይገባል ትላላችሁ?

ብርድ አይፈሬ፦

ክፈልና ተገላገል ወንድሜ። ለእትዬ አንድ የጠፋ ትዕዛዝ ስንት ብር እንደሚያስከፍል አስላላቸው። ሒሳብ ክፍል አይደለህ እንዴ?

ጋሽ ፖስታ፦

ልጄ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። የተጻፈ ግዴታ የለም። እንዲያውም የተጻፈው ተቃራኒው ነው።

ሜይል የሚሄድበት ደንብ አርኤፍሲ 5321 ይባላል፤ በ2008 የወጣ ነው (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ያዝልኝ)። ላኪው ሰርቨር አይፒው ተለዋዋጭ ሆኖ ደህና ስም ከሌለው፣ ሰላምታ ሲሰጥ በስሙ ፈንታ አይፒውን በቅንፍ ያስገባ ይላል። ደንቡን ያረቀቁት ሰዎች እንዳንተ ያለውን አስበውታል ማለት ነው። ሌላም አለ። በሰላምታው የተሰጠው ስምና አይፒው ባይገጥሙ፣ ተቀባዩ በዚህ ምክንያት ብቻ መልእክቱን እንዳይመልስ ይከለክለዋል።

ታዲያ የአንተ ለምን ተመለሰ? ደንቡ ሌላ፣ ኑሮው ሌላ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ኤስኤምቲፒ (ሰርቨሮች ሜይል የሚለዋወጡበት ደንብ) በ1982 ሲጻፍ ኔትወርኩ ላይ የነበሩት በአብዛኛው ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት ናቸው። አንዱ የሌላውን ሜይል ተቀብሎ ያስተላልፍ ነበር። በኋላ ኢንተርኔት በየቤቱ ገባ። በቫይረስ የተያዘ የቤት ኮምፒውተር ባለቤቱ ሳያውቅ ስፓም ይረጭ ጀመር። እነዚህ ኮምፒውተሮች ደግሞ በአብዛኛው ተለዋዋጭ አይፒ ላይ ናቸው። ዛሬ አንዱን ቁጥር ብትዘጋ ነገ ያው ማሽን በሌላ ቁጥር ይመጣል። የዘጋኸው ቁጥር ደግሞ ምንም ለማያውቅ ሰው ይደርሰዋል። ተቀባዮቹ አንድ በአንድ መልቀሙ ሲሰለቻቸው የአቅራቢውን የቁጥር ክልል እንዳለ ዘጉት።

ፒቢኤል ይሄ ነው። ስፓምሃውስ የሚያዘጋጀው ዝርዝር ነው። ስፓመር ናችሁ አላላችሁም። ከዚህ ክልል ያለ ሰው በቀጥታ ወደ ሰው ሜይል ሰርቨር አይላክ፣ በአቅራቢው ወይም በሌላ ማስተላለፊያ በኩል ይሂድ ነው የሚለው። ብዙ ጊዜ ክልሉን የሚያስመዘግበው ራሱ ኢንተርኔት አቅራቢው ነው። ስለ አይፒህ ዝርዝሩን ስትጠይቅ የሚመጣው መልስ 127.0.0.10 ከሆነ አቅራቢው ያስመዘገበው ነው። 127.0.0.11 ከሆነ ስፓምሃውስ ራሱ ያስገባው ነው። እስቲ እየው።

ፒቲአሩም ቢሆን የአንድ ተቀባይ አመል አይደለም። ጉግል ከ2024 የካቲት ጀምሮ ለጂሜይል የሚልክ ሁሉ፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ያሟላ ብሎ በይፋ አውጥቶታል። ቁጥሩ ስም ይኑረው፤ ስሙም ተመልሶ ወደዚያው ቁጥር ይምጣ ነው። ስለዚህ ክፈልና ተገላገል ያለህ ወንድማችን ግማሹን ነው የነገረህ። ቋሚ አይፒ ገዝተህ አቅራቢው ፒቲአር ካላስገባልህ ገንዘቡን ጣልከው። ክልሉ በፒቢኤል ውስጥ ካለም ቋሚ መሆኑን ገልጸህ ማስወጣት አለብህ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንተ የተጨነቅከው ስለ መላኩ ነው። እኔ የምፈራልህ መቀበሉን ነው።

ማታ መብራት ሄደ እንበል። ራውተሩ ጠፋ። ቁጥርህ ተለቀቀ። አቅራቢው ያንን ቁጥር አንስቶ ለሌላ ደንበኛ ይሰጠዋል። ዲኤንኤስህ ግን አሁንም የኔ ነው እያለ ነው። ማን ያስተካክለው? ስክሪፕቷ ያለችው ቢሮህ ውስጥ፣ ጨለማው ውስጥ ነው። መብራት እስኪመጣ ድረስ ያ ዳይናሚክ ዲኤንኤስህ የአህያ ባል ነው፤ ከጅብ አያስጥልህም። መብራት ከመጣም በኋላ ቲቲኤሉ (ሌሎች ሰርቨሮች መዝገቡን ይዘው የሚቆዩበት ጊዜ) አንድ ሰዓት ከሆነ፣ የድሮውን ቁጥር የያዘው ሁሉ እስከ አንድ ሰዓት ወደዚያው መላኩን ይቀጥላል።

እዚያ ቁጥር ላይ የሚመልስ ከሌለ እዳው ገብስ ነው። ላኪው ሜይሉን ወረፋ ላይ አስቀምጦ ደጋግሞ ይሞክራል። ደንቡ ቶሎ ተስፋ አትቁረጥ፣ ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን ሞክር ይለዋል። መብራት በመጥፋቱ ብቻ ሜይል አይጠፋም፤ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ጉዱ የሚፈላው እዚያ ቁጥር ላይ ሌላ ሰው ፖርት 25ን (ሜይል የሚገባበትን በር) ከፍቶ ሲገኝ ነው። ደህና ሰርቨር ከሆነ «ይሄን ዶሜይን አላስተናግድም» ብሎ በ550 ይመልሰዋል። በ5 የሚጀምር መልስ ቁርጥ ነው፤ ዳግም አይሞከርም። ደንበኛህ «አልደረሰም» የሚል መልእክት ያገኛል፤ አንተ ዘንድ ምንም አይታይም። ተንኮለኛ ከሆነ ደግሞ እሺ ብሎ ይቀበልና የደንበኛህን ትዕዛዝ ቁጭ ብሎ ያነበዋል። ላኪው ደርሷል ብሎ ይተኛል። አንተ ደግሞ «ምንም ችግር አላየሁም» ትላለህ። ከየት ታየዋለህ?

እኔን ብትጠይቀኝ፣ ለሚልክ ሰርቨር ቋሚ አይፒ ግዴታ ይሁን አልልም። ኤምኤክስ ሆኖ ለሚቀበል ግን ዓይኔን ሳላሽ አዎ እላለሁ።

የጠባሴ ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የሌሊቱን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ዲኪም አለኝ። የምንልከው ሁሉ በዶሜይናችን ቁልፍ ይፈረማል። ፊርማው አይፒው ተቀየረ አልተቀየረ ያው ነው። ማንነታችንን ከዚያ ማየት እየቻሉ ቁጥር ላይ ለምን ሙጭጭ ይላሉ?

ጋሽ ፖስታ፦

ጥሩ ጠየቅህ። የንግግሩን ቅደም ተከተል ተመልከት። ሰርቨርህ በር ሲያንኳኳ ተቀባዩ መጀመሪያ የሚያየው አይፒህን ነው። ቀጥሎ ሰላምታህን ይሰማል። ቀጥሎ ከማን፣ ለማን ትለዋለህ። መልእክቱ ራሱ የሚመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፤ የዲኪም ፊርማው ያለው ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው። ፊርማውን ለማየት መጀመሪያ መልእክቱን በሙሉ መቀበል አለበት ማለት ነው። በየደቂቃው ስፍር ቁጥር የሌለው ስፓም ለሚጎርፍበት ሰው ይሄ ውድ ነው። በአይፒ በሩ ላይ መመለስ ርካሽ ነው። ዲኪም ከፒቲአር አያድንህም፤ ለየብቻ ይጠየቃሉ።

ሸዋሮቢቷ፦

የጠባሴ ልጅ፣ «ማቀዝቀዣ እንኳ አልገዛንም» ስትል ቀናሁብህ። እኔ ያለሁት ሸዋ ሮቢት፣ ቆላው ውስጥ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ነው። እዚህ እኛም እንቀልጣለን ማሽኑም ይቀልጣል።

አንድ ነገር ቶሎ ብለህ እይልኝ። ራውተሩ ውስጥ ግባና የውጭ አይፒው ምን እንደሚል አንብብ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ ያ ቁጥር የአንተ ብቻ አይደለም። አቅራቢው ብዙ ደንበኛ በአንድ አይፒ ሥር ደርድሯችኋል፤ ከውጭ ማንም ሊያንኳኳብህ አይችልም። የኛ እንደዚያ ነው። ተለዋዋጭ አይፒ እንኳ የለንም፤ ያንተ ቅንጦት ነው በለኛ።

የኛን አሠራር ልንገርህ። በብር የሚከፈል የአገር ውስጥ ሆስቲንግ (ሰርቨር የሚያከራይ ድርጅት) ላይ ዶሜይኑንና የሜይል ሳጥኖቹን አስቀመጥን። ኤምኤክሱ ወደዚያ ነው የሚያመለክተው። መብራት ቢጠፋ፣ ራውተር ቢቃጠል፣ ሜይሉ እዚያ ይጠብቀናል። ክሊኒኩ ውስጥ ያለችው ማሽን በየጥቂት ደቂቃው ሄዳ ታመጣለች፤ ፌችሜይል የሚባለው ፕሮግራም በቂ ነው። ስንልክ ደግሞ በፖርት 587 በይለፍ ቃል ገብተን በነሱ በኩል እንልካለን። ፖስትፊክስ ላይ ሪሌይሆስት የምትባል መስመር አለች። እሷ ላይ የሆስቲንጉን ሰርቨር መጻፍና የይለፍ ቃሉን ማስገባት ነው። ተቀባዩ የሚያየው የነሱን ቋሚ አይፒ፣ የነሱን ፒቲአር ነው። የኛ ተቀየረ አልተቀየረ ማን ይጠይቀናል?

የውጭ አገር ማስተላለፊያ ድርጅቶችም አሉ፤ አንዳንዶቹ ለጥቂት ሜይል በነፃ ይፈቅዳሉ። ከዚያ ካለፈ ግን በዶላር ካርድ ነው የሚከፈለው። የዶላሩን ነገር እኔ ልንገርህ? ተወው።

ኤስፒኤፉንም (በዶሜይንህ ስም ማን እንዲልክ እንደፈቀድክ የሚናገረውን መዝገብ) አትርሳው። የሆስቲንጉን መዝገብ በኢንክሉድ አስገባው። አንዳንድ ሰው አይፒው ሲቀያየርበት የአቅራቢውን ክልል እንዳለ ኤስፒኤፍ ውስጥ ሲጠቀጥቀው አይቻለሁ። በ16 የሚቆረጥ ክልል ካስገባህ 65,536 አይፒ በስምህ ይላክ ብለህ ፈቀድክ ማለት ነው። ጎረቤትህ ያለ ቫይረስ የያዘው ላፕቶፕም አብሮ።

ከጋሽ ፖስታ ጋር የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። «ግዴታ» የሚለው ቃል ይከብደኛል። ሰውየው የራሱን ሜይል የማጣት መብት የለውም እንዴ? የሚጎዳው እሱ ነው።

ጋሽ ፖስታ፦

እቱ፣ የሚጎዳው እሱ ብቻ ቢሆን በወደድኩ። ክሊኒክ ነሽ። አንድ ታካሚ የምርመራ ውጤቱን አያይዞ ላከልሽ እንበል። ቁጥርሽ በዚያች ሌሊት የሌላ ሰው ከነበረ የተነበበው የታካሚው ገመና ነው። እሱ ስለ አይፒ ምን ያውቃል?

ሸዋሮቢቷ፦

ይሄስ እውነት ነው። እሺ ረቱኝ።

ነፃ መስመር፦

እኔ ደግሞ አልረታም። ሁላችሁም የምትሉት በሌላ ሰው ቤት ግባና እዚያ ላክ፣ እዚያ ተቀበል ነው። እንዲህ እንዲህ እያልን ነው ሜይል የጥቂት ትልልቅ ድርጅቶች የሆነው። ሜይልን ሜይል ያደረገው እኮ ማንም ሰው የራሱን ሰርቨር አቁሞ ከማንም ጋር መጻጻፍ መቻሉ ነው።

ደግሞ ቋሚ አይፒ ግዴታ ይሁን ስትሉ ቁጥሩ ከየት ይመጣል? አይፒ ቨርዥን 4 በጠቅላላ ወደ 4.3 ቢሊዮን አካባቢ ነው። የዓለም ማዕከላዊ ክምችቱ በ2011 የካቲት (በፈረንጅ) አልቋል። ቀድመው የተገናኙት አገሮች በገፍ ወስደዋል። ዘግይተን የመጣነው እኛ ነን በአንድ ቁጥር ሥር የምንደረደረው። ከዚያ ቋሚ ቁጥር የሌለው አይላክ ይባላል። ይሄ የቴክኒክ ደንብ ነው ወይስ የሀብታም ደንብ?

የጠባሴ ልጅ፣ የእትዬን ጥያቄ አትናቀው። ለቁጥር ልንከፍል? ያሉት እኮ ትልቅ ነገር ነው።

ጋሽ ፖስታ፦

ነፃ መስመር፣ በቁጭትህ አልፈርድብህም። ስለ ቁጥሩ እጥረት ያልከው ልክ ነው። ግን እጥረቱ ያለው በአሮጌው ላይ ነው። አይፒ ቨርዥን 6 ላይ ለእያንዳንዱ ቢሮ ቋሚ ቁጥር መስጠት ምንም አያስቸግርም፤ አቅራቢው ፈቃደኛ ይሁን ነው ነገሩ። አዲሱን ስላገኘህ ፒቲአር ቀረልህ ማለት ግን አይደለም። ጂሜይል በዚያም በኩል ይጠይቅሃል።

እኔ ሕግ አውጣ ብባል ግዴታውን በሻጩ ላይ ነው የምጭነው። የንግድ መስመር የሚሸጥ ሁሉ ቋሚ አይፒ ሲሰጥ ፒቲአሩን አብሮ ያስገባ። ደንበኛው ራሱ የሚቀይርበት ገጽ ያዘጋጅለት። ክልሉን ከፒቢኤል ማስወጣትም የሻጩ ሥራ ይሁን። ስልክ የምታነሳው ልጅ «ምን?» ማለቷ የሷ ጥፋት አይደለም፤ ያላስተማሯት ሰዎች አሉ። ይሄ ሳይሟላ ባለሰርቨሩን ቋሚ አይፒ ግዛ ማለት ግማሽ ዕቃ መሸጥ ነው።

የራሴ ሰርቨር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ለሚል መንገድ አለው። ቋሚ አይፒ ያለው ትንሽ ቪፒኤስ (ሌላ ቦታ ያለ የኪራይ ሰርቨር) ተከራይ። ፒቲአር እንደሚያስገቡልህ ሳትከፍል ጠይቅ፤ ፖርት 25 ክፍት መሆኑንም ጠይቅ፤ ብዙዎቹ ዘግተው ነው የሚሰጡት። ከዚያ ከቢሮህ ወደ ቪፒኤሱ ዋየርጋርድ በሚባለው ፕሮግራም የተመሰጠረ መስመር ዘርጋ። ዓለም የሚያየው የቪፒኤሱን ቁጥር ነው፤ ሳጥኖቹ ያሉት ግን አንተው ቢሮ፣ አንተው ዲስክ ላይ ነው። መብራት ሲጠፋ ቪፒኤሱ ወረፋ ይዞ ይጠብቅሃል። የምትከራየው ቁጥሩን ብቻ ነው።

ብርድ አይፈሬ፦

ክፈል ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን ሁሉም በየፊናው ክፈል እያለ ነው። 😄

የጠባሴ ልጅ፦

ራውተሩን አየሁት። በ100 አይጀምርም፤ ቁጥሩ የራሳችን ነው። ፒቢኤሉ 127.0.0.10 ይላል፤ ያስመዘገበው አቅራቢያችን ነው ማለት ነው።

ለእትዬ የሌሊቱን ነገር ነገርኳቸው። የደንበኛ ትዕዛዝ ሌላ ሰው ሊያነበው ይችላል ስላቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ፒቲአር፣ ዲኪም ስል ቡና ነበር የሚያማስሉት። «ሌላ ስጋጃ ሠሪ ዋጋችንን ያያል ማለት ነው?» አሉ። አዎ ሊያይ ይችላል አልኳቸው። «ታዲያ ይሄን ለምን መጀመሪያ አልነገርከኝም?» ብለው ለሆስቲንጉ ፈቀዱ። ለቪፒኤሱ ገና አልደፈርኩም።

ሸዋሮቢቷ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ እህቴ። ኤምኤክሱን ሳዞረው በመሀል የሚጠፋ ሜይል እንዳይኖር ምን ላድርግ?

ሸዋሮቢቷ፦

መጀመሪያ ሳጥኖቹን ሆስቲንጉ ላይ ፍጠር፤ ስሞቹ አንድም ሳይቀሩ። እዚያው ሆስቲንጉ ላይ ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ልከህ መግባቱን ሞክር፤ ኤምኤክሱ ሳይዞር ከጂሜይል ብትልክ የሚገባው አሮጌዋ ማሽን ላይ ነው። ከዚያ የኤምኤክሱን ቲቲኤል ወደ 300 ሰከንድ አውርደውና አንድ ቀን ተወው፤ አሮጌው ማስታወሻ ከየሰርቨሩ ይጥፋ። በማግስቱ ኤምኤክሱን አዙር።

አሮጌዋን ማሽን ወዲያው አታጥፋት። ለሳምንት ያህል ፖርት 25 ክፍት ሆኖ ትቆይ፤ የዘገየ ካለ እሷው ጋ ይገባል። ሎጓን (የሥራ መዝገቧን) በየቀኑ እይ። ከውጭ የሚገባ ሲያልቅ ፖርቱን ራውተሩ ላይ ዝጋው። ይሄን ሁሉ ደግሞ ዓርብ ማታ አትጀምረው፤ ሆስቲንጎቹ ቅዳሜና እሑድ ስልክ አያነሱም።